በአባቴ ትንፋሽ ላይ ስለተሰበረው አንገት

ለተከበሩ የፊልም ድርጅታችን የሙዚቃና የድምፅ ክፍል ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ በተለይም አንገትዎ እንደምን ከርሟል? ይህን የምጠይቀው ለነገር አይደለም፤ በክፍልዎ ውስጥ ሙዚቃ መራጭ ሆኜ ስሠራ የሰው አንገት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሰበር፣ ስብራቱም ምን ያህል ደስ የሚል ድምፅ እንዳለው ስለተማርሁ፣ የማከብረውን ሰው ሁሉ ስለ አንገቱ ሳልጠይቅ አላልፍም። ስለ ጆሮዎ ግን አልጠይቅም፤ ጆሮዎ ፍጹም ጤነኛ መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ መከራዬም የመጣው ከዚያው ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በር ዘግተን የተነጋገርነው ስላልበቃ ነው። ቅሬታዬን ይዤ ቢሮዎ ስመጣ ብድግ ብለው ተቀብለውኛል፤ ወንበር ስበው፣ ውሃ ቀድተው፣ ያልሁትን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ "ዘፈኑ እኮ ሞቶ ነበር፤ ነፍስ የዘራንበት እኛ ነን" ብለው በፈገግታ ሸኝተውኛል። ለወንበሩም፣ ለውሃውም፣ ለትንሣኤውም ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ነገሩን ከውጭ ለሚያነብ ሰው ላስረዳ። ድርጅታችን ባለፈው ዓመት ያወጣው ፊልም ከሥዕላዊ መጽሔት የተቀዳ ነው፤ ጀግናው ቀን ቀን አሳንሰር ይጠግናል፣ ሲመሽ ካባ አጥልቆ ከፎቅ ፎቅ ይዘላል። ፊልሙን ያየም ያላየም የሚያውቀው አንድ ትዕይንት አለ፤ ጀግናው በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በቆሙ መኪናዎች መካከል፣ የጠላቶቹን ጭፍራ ለብቻው ሲደመስስ ከበስተኋላው አንድ የድሮ፣ ደስተኛ፣ ትከሻ የሚያስነቀንቅ የፍቅር ዘፈን ይሰማል። ዘፈኑ ዝናብ የያዛት ሴት ባለ ጃንጥላውን ሰው አጋራኝ እያለች የምትለምንበት ነው፤ አዝማቹም "ግማሽ ትከሻዬ ቢርስ ምን አለበት" ይላል። ከአዝማቹ በፊት ሙዚቃው ሁሉ ለአፍታ ጸጥ ይላል። በዚያች ጸጥታ ውስጥ ጀግናው የአንዱን አንገት "ቀጭ!" ያደርገዋል፤ ከዚያ አዝማቹ ይቀጥላል፤ አዳራሹም በሳቅና በጭብጨባ ይናጋል።

ያንን ዘፈን የደረሰው አባቴ ነው። የዘፈነችው የእሱ እህት፣ አክስቴ ናት። መርጦ ለእናንተ ያቀረበው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ዘፈኑ የተቀዳው ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ባለች መጋዘን ውስጥ ነው። ድምፆቹ እንዳይደባለቁ ብለው በአክስቴና በተጫዋቾቹ መካከል ወፍራም ብርድ ልብስ ስለሰቀሉ ወንድሟን ማየት አትችልም ነበር፤ ከጸጥታዋ በኋላ መቼ እንደምትገባ የሚጠቁማት ሰው ስላልነበረም ደጋግማ ተሳሳተች። አባቴ መላ ፈጠረ፤ በጸጥታዋ መጨረሻ ላይ አየር በአፍንጫው ሳብ ያደርጋል፣ እሷም ያንን ስትሰማ አዝማቹን ትጀምራለች። ያች ትንፋሽ በቅጂው ላይ ቀርታለች፤ ጆሮ የሰጠ ሰው ይሰማታል። አባቴ የሞተው እኔ ገና ፊደል ሳልጨርስ ስለሆነ ድምፁን አላስታውሰውም፤ ሲናገር የተቀዳበት፣ ሲስቅ የተቀዳበት ነገር የለንም። ያለችን ያች አንዲት ትንፋሽ ናት። አክስቴ የተማሪ ደንብ ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት፤ ስትሰፋ ዘፈኑን ታንጎራጉራለች፤ እዚያች ቦታ ስትደርስ ግን እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አንሥታ፣ ወንድሟ አየር እስኪስብ ድረስ ትጠብቅ ነበር። እኔ ያደግሁት ያንን መጠበቅ እየሰማሁ ነው።

አሁን ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ በቁጥር ያልቀረበ ነገር እንደማያነቡ ከልምድ አውቃለሁና።

አንደኛ፤ ይህ ከቅሬታ ይልቅ አድናቆት ነው። የፊልሙን ጽሑፍ ሳነብ በዚያ ትዕይንት ቦታ የሰፈረው "ይደባደባሉ፤ ያሸንፋል" የሚል ብቻ ነበር። ተመልካቹ እስከዚያ ድረስ ይህን አሳንሰር ጠጋኝ የሚወድበት አንድም ምክንያት አልተሰጠውም፤ ጓደኛ የለው፣ ቀልድ አይችል፣ ካባው እንኳ ከትከሻው ሰፋ ይላል። እናንተ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ወጥታችሁ በሙሉ መሶብ ተመለሳችሁ። አክስቴ አፏን በከፈተች ቅጽበት ሕዝቡ ጀግናውን ወደደው። ሰው የወደደው እናቱ ዕቃ ስታጥብ ያንጎራጎረችውን፣ መጀመሪያ ያፈቀራትን ልጅ በዝናብ የሸኘበትን ቀን፣ የልጅነቱን ሬዲዮ ነው፤ ጭብጨባው ግን ለካባው ደረሰ። ጸሐፊ ያልጻፈውን ፍቅር፣ ተዋናይ ያልተጫወተውን ልብ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ በሦስት ደቂቃ ሠርታ አስረከበቻችሁ።

የዚህ ዓይነት ፊልም ጠላት ነኝ ብለው እንዳያስቡ። በተማሪነቴ ከክፍል እየጠፋሁ ያየኋቸውን ካባ ለባሾች መምህራኖቼ ቢያውቁ ኖሮ ዲግሪዬን በነጠቁኝ ነበር። አንድ የታወቀ ዘፈን በትክክለኛው ሰዓት ሲገባ ጀርባዬን የሚወርረኝ ነገር እስከ ዛሬ አልተወኝም። የመመረቂያ ጽሑፌንም የጻፍሁት በዚሁ ላይ ነው፤ ሥዕሉ ሲያለቅስ ዘፈኑ ቢስቅ ተመልካቹ በሁለቱ መሀል ቆሞ እንዲያስብ ይገደዳል ብዬ፣ ማስረጃ አቅርቤ፣ በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቄያለሁ። አሁን ግን አዳራሽ ገብቼ አይቻለሁ። መሀል ላይ የቆመ ሰው አላየሁም። የሚስቁ ሰዎች ብቻ ናቸው ያየኋቸው።

ሁለተኛ፤ ስለ ቦታ መያዣ። በሥራችን አንድ ልማድ አለ። ፊልም ሲቆረጥ ለዚያ ፊልም የሚደረሰው ሙዚቃ ገና አልደረሰም፤ ኤዲተሩ ደግሞ ያለ ምት መቁረጥ አይወድም፤ ስለዚህ ሙዚቃ መራጯ ከየትም አንድ ዘፈን አምጥታ ለጊዜው ከሥዕሉ ሥር ታነጥፋለች። ወረፋ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ እንደ መሄድ ያለ ነገር ነው። ችግሩ ድንጋዩን ብዙ ቀን ያየ ሰው ባለቤቱ ሲመጣ አያውቀውም።

ያን ዕለት ያነጠፍሁት የአባቴን ዘፈን ነበር። ለምን ቢሉኝ በስልኬ ውስጥ ስለነበረና ምቱም ከጠቡ ጋር ስለሚሄድ ነው እላለሁ፤ ለአክስቴም ያልኋት ይህንኑ ነው። እውነቱ ግን አንድ ሰው "ይህ ዘፈን የማን ነው?" ብሎ እንዲጠይቀኝ ፈልጌ ነው። ጠየቁኝም፤ እርስዎ ራስዎ ጠየቁኝ። "የአባቴ" ስል በክፍሉ ያሉት ሁሉ ወንበራቸውን አዙረው አዩኝ፤ በዚያ ክፍል ስሠራ ፊቴ የታየው ያን ቀን ነው። መቀስ የምንለው ኤዲተራችን እያንዳንዱን ጡጫ በዘፈኑ ምት ላይ ቆረጠው፤ አንገቱንም ከጸጥታዋ ላይ አስቀመጠው። በኋላ የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ የደከመበትን ሥራ ይዞ ሲመጣ ጡጫው ሁሉ ከምቱ በኋላ መድረስ ጀመረ፤ ባለ ካባው ከእንቅልፉ ያልነቃ መሰለ። ዳይሬክተሩም ራሱን እያከከ "ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ያችኛዋ…" አለ። ደራሲው ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ኮምፒውተሩን አጣጥፎ በአጠገቤ ሲያልፍ "እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ" አለኝ። ምርቃት መስሎኝ አሜን ብያለሁ።

እርስዎም ሁሉም በተሰበሰበበት "ልጅቷ ጆሮ አላት" አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ ብብቴን ግን አልዳሰስሁም።

ዘፈኑ በሕግ የእኔ ነው፤ የደራሲው አንድ ልጅ ነኝና። የፈቃዱ ወረቀት ሲቀርብልኝ ዘፋኟን መጠየቅ ይኖርብኝ እንደሆነ የሕግ ክፍላችሁን ጠይቄ "ግዴታ የለብሽም" የሚል መልስ አገኘሁ። መልሱን ስሰማ ደስ አለኝ። ደስታዬን ለራሴ ያስረዳሁት አክስቴን በድንገት ላስደንቃት ስላሰብሁ ነው ብዬ ነው፤ ሰው ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ ሲፈራ ስጦታ ይለዋል። ለአንድ ፊልም ብቻ ብዬ ፈረምሁ። "ብቻ" የምትለዋን ቃል ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ወረቀት ላይ የማላፍርባት ቃል እሷ ናት።

ሦስተኛ፤ ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለታየበት ቀን። ከመሀል ረድፍ ሁለት መቀመጫ ስለሰጡን አመሰግናለሁ፤ ሁሉም ነገር በደንብ ይታያል፣ በደንብም ይሰማል። አክስቴ ለዚያ ቀን ብላ ጥቁር አረንጓዴ ቀሚስ ሰፍታ ነበር። የምን ፊልም እንደሆነ ስትጠይቀኝ የድብድብ ነው ብላት "ታዲያ እኔን ምን አገባኝ? ወገቤን ነው የምትደበድቢው" እያለች፣ ግን ፀጉሯን ተሠርታ መጣች።

ዘፈኑ ሲጀምር ወዲያው አላወቀችውም። ራሷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፤ ከዚያ ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ይዛ "አንቺ ልጅ! ይቺ እኔ አይደለሁም እንዴ?" አለችኝ። በጨለማው ውስጥ ጥርሷ ሁሉ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ጸጥታዋ መጣች። አክስቴ እንደ ልማዷ ትንፋሿን ያዘች፤ ወንድሟን ጠበቀች። ቀጭ! አዳራሹ ፈነዳ። ከኋላችን አንድ ጎልማሳ "ድገመው!" ብሎ ጮኸ። አክስቴ እጇን ከክንዴ ላይ አነሣች። በቁጣ አልነበረም፤ የተኛ ሕፃን አጠገብ የተቀመጠ ዕቃ እንደሚያነሣ ሰው ቀስ ብላ አንሥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

መብራት ሲበራ ሰዎች ዘፋኟ መሆኗን ሰምተው ወደ እኛ ሲዞሩ ብድግ ብላ እጅ ነሣች፤ እሷም አጨበጨበች። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ "ልጁ ግን ጎበዝ ነው፤ አንገቱን ሲሰብር ምቱን አልሳተም" አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ያንን ያለችው እኔን ለማዳን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ልትቀልድልኝ የቻለችውን ያህል ቀልዳልኝ፣ እኔ እውነት ያስቀኝ መስዬ ሳቅሁ። ባለ ታክሲውም ወሬያችንን ሰምቶ "የካባ ለባሹን ዘፈን ነው? ለስልኬ ጥሪ አድርጌዋለሁ" ብሎ አሰማን፤ ጥሪው የሚጀምረው ከስብራቱ ነው።

አሁን በሥራ ቦታዋ ሴቶቹ "እስቲ ጃንጥላዋን በያት" ይሏታል፤ ትዘፍንላቸዋለች። ጸጥታዋ ጋ ስትደርስ ሁሉም በአንድ አፍ "ቀጭ!" ይላሉ፤ አንዷ የእንጨት ማስመሪያዋን ጠረጴዛው ላይ ጠፍ ታደርጋለች፤ ይሳሳቃሉ። ክፋት የላቸውም፤ ይወዷታል። አክስቴም መላ አበጀች፤ ጸጥታዋን ዘለለቻት። ዛሬ ስትዘፍን ሳትቆም፣ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሣ፣ በቀጥታ ወደ አዝማቹ ትገባለች። ወንድሟን አትጠብቀውም። ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትሆን እንኳ አትጠብቀውም፤ ከበሩ ውጭ ቆሜ ሰምቻታለሁ። እኔ ቁልፉን በእጄ ይዤ፣ እንድትቆም በልቤ እየለመንኋት፣ እሷ አልፋው ሄደች።

አራተኛውን ቅሬታ ለእርስዎ ላቀርበው አስቤ ነበር፤ ተቀምጬ ስጽፈው ግን አድራሻው ተቀየረብኝ። ስለ ቦታ መያዣው ስናገር አንድ ነገር ዘልያለሁ። የስብራት ድምፅ የሚሠራልን ባለሙያ፣ የሰው አጥንት የሚያወጣው ከካሮት ስለሆነ ሁላችን ካሮት የምንለው ሰው፣ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ማዳመጫውን ባንድ ጆሮው ላይ እንዳንጠለጠለ "እዚች ጋ ሰው ይተነፍሳል፤ ቆሻሻ ናት፣ ላጥፋት?" አለኝ። እኔም ምን እንደሆነች እያወቅሁ፣ የማን እንደሆነች እያወቅሁ፣ "ተዋት፣ ታምራለች" አልሁት። ሐሳቤ ትንፋሿ በትልቅ አዳራሽ እንድትሰማ፣ አባቴ አንድ ጊዜ እንኳ በብዙ ሰው መሀል እንዲተነፍስ ነበር። ለካሮት ግን ይህን አልነገርሁትም። ብነግረው ማልቀሴ አይቀርም፤ እኔ ደግሞ በሥራ ቦታ ቆፍጣና መባል እወዳለሁ። እሱም ባለሙያ ነውና ትንፋሿን አንገት ለመስበር ጉልበቱን የሚያሰባስብ ሰው ትንፋሽ አድርጎ ተረዳት፤ ካሮቱንም ልክ እላይዋ ላይ ሰበረው። ለሙከራ ሲያሳየን ከሁሉ ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ያስቅ ነበር፤ ከልቤ ሳቅሁ። በማን ላይ እንደሳቅሁ የገባኝ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው። ገብቶኝም "ይቀየር" አላልሁም፤ ክፍሉ ሁሉ ደስ ብሎት ነበርና፣ የደስታውም ምክንያት እኔ ነበርሁና።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ብለው ቢተርቱብኝ ተገቢ ነው። እርስዎ የሰበሩት የማያውቁትን ነው፤ እኔ ያስሰበርሁት የማውቀውን ነው። ስለዚህ ቢሮዎ እስከመጣሁበት ቀን ድረስ ያለው ጥፋት በሙሉ በእኔ ስም ይመዝገብ፤ ከእርስዎ ጋር መካፈል አልፈልግም።

አምስተኛ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እርስዎም ያውቃሉ። ቢሮዎ ቀርቤ የትንፋሿን ነገር አንድ ሳላስቀር ነግሬዎታለሁ፤ ስለ ብርድ ልብሱ፣ ስለ አክስቴ መጠበቅ፣ ስለ መዝለሏም ጭምር። ዓይንዎ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አይቻለሁ፤ ከልብዎ እንደነበረም አልጠራጠርም። ብዙም ሳይቆይ የሁለተኛው ፊልም ዕቅድ ሲቀርብ ግን እንባዎ በሥራ ላይ ውሎ አገኘሁት። ዘፈኑ በሁለተኛውም ፊልም በእያንዳንዱ ድብድብ ላይ ይገባል፤ ትንፋሿ ተለይታ ወጥታ፣ ጎልታ፣ ከስብራቱ ጋር ተጣምራ የጀግናው መለያ ትሆናለች፤ "ታሪክ አላት" ብለዋል። ለማስተዋወቂያው ደግሞ አንዲት ወጣት ዘፋኝ ዘፈኑን አዘግይታ፣ እያንሾካሾከች እንድትዘፍነው ተወስኗል። ወጉ እንዲህ ሆኗል መሰለኝ፤ በዘመኑ ያስጨፈረ ዘፈን ሁሉ ለካባ ለባሽ ማስተዋወቂያ ሲፈለግ ጥቁር ለብሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ እየተጎተተ ይመጣል። ሟቹ ማን እንደሆነ የሚነግረን ግን የለም። ለእኔም የሙዚቃ ምርጫ ኃላፊነት ሹመት ተዘጋጅቶልኛል፤ ከሹመቱ ጋርም የአባቴን ትንፋሽ ታሪክ ለጋዜጠኞች "ልክ ለእኔ እንደነገርሽኝ አድርገሽ" እንድነግር ታዝዣለሁ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አቤት ለማለት የከፈትሁት አፍ ለሁለተኛው ፊልም ማስታወቂያ ጽሑፍ ሆኖ አረፈ። የተደበቀችውን ትንፋሽ ለእናንተ ያሳየኋት እኔ ነኝ፤ ባልናገር ኖሮ ከስብራቱ ሥር ተኝታ ትቀር ነበር።

ይህም ሳይበቃ የሁለተኛው ፊልም ድብድቦች ሁሉ እኔ ሳልጠየቅ በአባቴ ዘፈን ላይ አስቀድመው ተቆርጠዋል። መቀስ በደረጃው ላይ አግኝቶኝ፣ ዓይኔን ላለማየት የጫማውን ክር እያሰረ፣ "ታዝዤ ነው እኮ፤ ለጊዜው ነው ተብዬ" አለኝ። ለጊዜው! ጡጫው ሁሉ በምቱ ላይ ካረፈ በኋላ "አሁንማ ማውጣት አይቻልም" ሊሉኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ይህን ዘዴ ከማን እንደተማራችሁት እንዳይነግሩኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ አውቀዋለሁ።

በዚህ ጊዜ አክስቴን ጠየቅኋት። በደንብ ልብስ ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ሁሉንም ነገርኋት፤ ካሮት የጠየቀኝን፣ "ተዋት" ያልሁትን፣ ከሁሉ ቀድሜ መሳቄን ጭምር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና "ያኔም እንዲህ ብትጠይቂኝ ኖሮ እኮ እሺ ነበር የምልሽ" አለችኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ እምቢ እልሽ ነበር ብትለኝ ምንኛ በቀለለኝ። እሺታዋ ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር፤ ያልመጣው ጠያቂው ነው። ብጠይቃት ኖሮ "ያችን ቦታ ብቻ አትንኩብኝ" ትል ነበር፤ እኔም ለካሮት እነግረው ነበር፤ ካሮትም አንድ እርምጃ ፈቀቅ አድርጎ ይሰብረው ነበር፤ እርስዎም ፊልምዎን፣ ተመልካቹም ሳቁን፣ አክስቴም ወንድሟን ባገኘች ነበር። ከዚህ ሁሉ ያገደን የእኔ ድንገተኛ ስጦታ ነው።

"አሁንስ?" አልኋት።

"አሁንማ አይሆንም" አለች፤ ቀጣዩን ቁልፍ እየፈለገች። "አይሆንም በያቸው። በትሕትና ግን በያቸው፤ አባትሽ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።"

የዚህ ደብዳቤ ትሕትና በሙሉ የእሷ ትእዛዝ ነው። የቀረው የራሴ ነው።

እንግዲህ መልሳችን የሚከተለው ነው። ፈቃዴ ለአንድ ፊልም ብቻ ነበር፤ አልቋል። ዘፈኑ በሁለተኛው ፊልም ውስጥ አይገባም፤ ፈጥኖም ሆነ ዘግይቶ፣ ተዘፍኖም ሆነ ተንሾካሹኮ፣ ለዘለቄታም ሆነ ለጊዜው። ትንፋሿም ተለይታ አትወጣም፣ አትጎላም፣ መለያ አትሆንም፤ የሰው ናት፣ ሰውየውም መልስ መስጠት ስለማይችል መልሱን የምንሰጠው እህቱና ልጁ ነን። የታሰበልኝን ሹመት ከነክብሩ እመልሳለሁ፤ ለጋዜጠኞች የምነግራቸው ታሪክ ካለም ከላይ ያለው ነው፤ ይጠቀሙበት። ሥራዬንም ከዛሬ ጀምሮ ለቅቄያለሁ፤ እርስዎን ለመቅጣት ግን አይደለም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሌላ ዘፈን ስመርጥ፣ የማን አክስት የት ቆማ ማንን እንደምትጠብቅ ሳልጠይቅ የማልፍበት ቀን እንደሚመጣ ራሴን ስለማውቀው ነው።

የመጀመሪያውን ፊልም ከሰው ጆሮ ማውጣት አይቻልም። አክስቴ ጸጥታዋን እንደገና እንድትጠብቃት ማድረግም አልቻልሁም፤ ለምኛት አውቃለሁ፤ "እሺ" ብላኝ ትጀምርና እዚያ ስትደርስ የስብራቱ ድምፅ ይመጣባታል፣ ፊቷ ላይ አየዋለሁ፣ ትዘላለች። ይህ የእኔ ዕዳ ነው፤ ይቅርታም ጠይቄበታለሁ፤ እሷም "ምን አጠፋሽ" ብላኛለች። እንዲህ ያለ ይቅርታ ከቁጣ ይልቅ እንደሚከብድ የሚያውቅ ሰው ከክፍልዎ አንድ እንኳ ቢኖር፣ ይህን ደብዳቤ ለእሱ ያንብቡለት።

ለሰጡኝ የሥራ ዕድል፣ ለአድናቆትዎ፣ ለመሀል ረድፍ መቀመጫዎቹና በቢሮዎ ላፈሰሱት እንባ ዳግመኛ ጎንበስ ብዬ እያመሰገንሁ፣ ቀሪው የሥራ ዘመንዎ የሚሰሙትን ሁሉ የሚረዱበት እንዲሆንልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣

የማይገባዎት አክብሮት ያልጎደለባት፣
የዘፈኑ ደራሲ ልጅ፣ የዘፋኟ የወንድም ልጅ፣
እስከ ትናንት ድረስ ሙዚቃ መራጭዎ።

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዘፈኑ ከወጣ የሁለተኛው ፊልም ጡጫዎች ሁሉ ዘግይተው እንደሚያርፉና ጀግናችሁም መሳቂያ እንደሚሆን በሰው ልከውብኛል፤ በእውነቱ አዝኛለሁ። ሆኖም ከተማ የሚያድን ኃይል ያለው ሰው አንዲት ልብስ ሰፊ ካልዘፈነችለት መማታት የሚሳነው ከሆነ ድክመቱ የእሷ አይደለም። እስቲ አንድ ጊዜ፣ ምንም ሳታነጥፉበት፣ በባዶ ጸጥታ ቁጭ ብላችሁ እዩት፤ ስትወዱት የኖራችሁት እሱን ይሁን ሌላ ሰው ያኔ ታውቁታላችሁ።